ሳይደርቅ እንየው፦ የውሃ ውስጥ ባዮፊልምን በብርሃን ስለማጥናት

እንደምን ዋላችሁ? ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

በእጄ የያዝኩትን የብርጭቆ ዕቃ ከኋላ ያላችሁ ላታዩት ስለምትችሉ ልንገራችሁ። ውስጡ ውሃ አለ። ውሃው ውስጥ አንድ ስስ መስተዋት ቆሟል። ማይክሮስኮፕ የነካ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስላይድ ነው፤ ርዝመቱ 75፣ ወርዱ 25 ሚሊሜትር። ይህ ስላይድ አምስት ሳምንት ሙሉ ጅረት ውስጥ ተንጠልጥሎ ቆይቷል። ስንሰቅለው ጥርት ያለ ነበር። አሁን ወደ መብራቱ ሳነሳው ቡናማና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ስስ ሽፋን ለብሷል። በጣት ሲነኩት ያሟልጫል። ወንዝ ስትሻገሩ ድንጋይ ላይ እግራችሁን ያንሸራተተው ነገር ይኸው ነው።

ስሙ ባዮፊልም ይባላል። እኔ ዓመታት የፈጀሁት በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ይህ ሽፋን ከምን ከምን ነው የተሠራው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ግን አንዱን ስላይድ ለአራት መሣሪያ ብትሰጡት አራት ዓይነት መልስ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። መሣሪያዎቹ ዋሽተው አይደለም። እያንዳንዱ የሚያየው ነገር አለ፤ የማያየውም አለ። አንዳንዱ ደግሞ እያየ ያበላሻል። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ነው።

መጀመሪያ ከነገሩ ጋር እንተዋወቅ። ባክቴሪያን ስናስብ ውሃ ውስጥ ብቻውን የሚዋኝ ነገር ነው የሚታየን። ብዙዎቹ ግን እንዲያ አይኖሩም። በ2019 የወጣ ግምት (ዓመቶቼ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በምድር ላይ ካሉት የባክቴሪያና የአርኪያ፣ ማለትም ባክቴሪያ የሚመስሉ ሌሎች ባለ አንድ ሴል ፍጥረታት፣ ሴሎች ከ40 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት በባዮፊልም ውስጥ እንደሚኖሩ ይናገራል። ገጽ ላይ ይለጠፋሉ፣ ይባዛሉ፣ ዙሪያቸውን ልጋግ ያመነጫሉ። ይህን ልጋግ ነው ማትሪክስ የምንለው። ውስጡ የስኳር ሰንሰለቶች አሉ፣ ፕሮቲን አለ፣ ቅባት አለ፣ ከሴል ውጭ የተበተነ ዲኤንኤም አለ። ሁሉም ነገር ደርቆ ሲመዘን ሴሎቹ ብዙውን ጊዜ ከ10 በመቶ በታች ናቸው። የቀረው ማትሪክሱ ነው።

ሳይደርቅ ሲመዘን ደግሞ ከሁሉም የሚበዛው ውሃ ነው፤ እስከ 97 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ይህቺን ቁጥር ያዙልኝ። የዛሬው ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከእሷ ነው።

በዚህ ስላይድ ላይ ባክቴሪያ ብቻ አይደለም ያለው። ዳያቶሞች አሉ፤ ከሲሊካ የተሠራ ቤት ለብሰው የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች። አረንጓዴ አልጌ አለ፤ እንደ አልጌ በብርሃን ምግቡን የሚሠራ ሳያኖባክቴሪያ የሚባል ባክቴሪያም አለ። እነዚህን እየጋጡ የሚኖሩ ባለ አንድ ሴል እንስሳት መሰል ፍጥረታት አሉ። ጅረቱ ይዞት የመጣ የሸክላ አፈርም ልጋጉ ውስጥ ተጣብቆ ቀርቷል። ልጋጉ የሚይዘው አፈር ብቻ አይደለም። ምግብ ይይዛል፣ ብረታ ብረት ይይዛል፣ መርዝም ይይዛል። ውሃው ውስጥ እጅግ ስስ ሆኖ የሚያልፈው ነገር እዚህ ይከማቻል። ከዚያ ጋጪዎቹ ይበሉታል፣ ጋጪዎቹን ዓሣ ይበላቸዋል። ስለዚህ ወንዙ ምን እየደረሰበት እንደሆነ ማወቅ ከፈለግን የሚፈሰውን ውሃ ብቻ ሳይሆን ይህን ሽፋን መጠየቅ አለብን። እኔን ወደዚህ ሥራ የሳበኝ ይሄ ነው።

ሰው ባዮፊልምን ካየ ቆይቷል። አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ ከጥርሱ ላይ የፋቀውን ነጭ ነገር በራሱ በሠራው ማይክሮስኮፕ አይቶ በ1683 ለለንደኑ የሳይንስ ማኅበር ጽፏል። በ1943 ክላውድ ዞቤል የባሕር ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው እንደሚበረቱ አሳየ። ከዚያ በ1978 ቢል ኮስተርተንና ባልደረቦቹ በተራራ ጅረቶች ውስጥ ያዩትን ይዘው ተነሱ፤ ባክቴሪያ በተፈጥሮ ውስጥ ተጣብቆ፣ በልጋግ ተሸፍኖ የሚኖር ፍጥረት ነው አሉ። ነገሩ አሁን ተራ እውቀት ነው። ያኔ ግን ብዙው ላብራቶሪ ባክቴሪያን የሚያውቀው ብልቃጥ ውስጥ ሲዋኝ ነበር።

አሁን ወደ ስላይዳችን እንመለስ። በምን እንየው?

ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕን ነው። ሥዕሎቹ ያምራሉ። የብርሃን ማይክሮስኮፕ 200 ናኖሜትር አካባቢ፣ የአንድ ሚሊሜትር አምስት ሺኛ ገደማ ሲደርስ ይቆማል፤ ኤርንስት አቤ ይህን ወሰን በ1873 አስልቶታል። ኤሌክትሮን ከዚያ በጣም ያነሰውን ያያል። የዳያቶሙን ቅርፊት ቀዳዳ በቀዳዳ ቁልጭ አድርጎ ያወጣላችኋል። ችግሩ ግን የተለመደው ዓይነት የሚሠራው አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ ነው። እርጥብ ነገር እዚያ አይገባም። ስለዚህ ናሙናው በአልኮል ውሃው ይወጣለታል፣ ይደርቃል፣ በስስ ብረት ይቀባል። 97 በመቶው ውሃ የሆነ ነገር ሲደርቅ ምን እንደሚሆን አስቡት።

እኔ ይህን በራሴ ላይ ደርሶ ነው የተማርኩት። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ከኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያወጣኋቸው ምስሎች በሴሎቹ መካከል እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ክሮች ያሳዩ ነበር። ደስ አለኝ። የማትሪክሱን አጥንት ያገኘሁ መሰለኝ። የእያንዳንዱን ክር ውፍረት እየለካሁ ሠንጠረዥ ሞላሁ። ወራት ፈጀብኝ። በኋላ ከዚያው ጅረት የመጣ እርጥብ ናሙና በሌላ ማይክሮስኮፕ ሳይ ክሮቹ የሉም። ያለው በሴሎቹ መካከል ያለውን ቦታ የሞላ ለስላሳ ልጋግ ነው። ክሮቹን የፈጠራቸው ማድረቁ ነበር፤ ውሃው ሲወጣ ልጋጉ ተሸብሽቦ፣ ተሰብስቦ ክር ሆነ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነብኝ። ሠንጠረዡን እስከ ዛሬ አልጣልኩትም። አዲስ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው።

ያን እርጥብ ናሙና ያየሁበት መሣሪያ ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ይባላል። ሐሳቡ የማርቪን ሚንስኪ ነው፤ የፈጠራ መብቱን ያመለከተው በ1957 ነው። አሠራሩን በአጭሩ ልግለጽ። ተራ ማይክሮስኮፕ ወፍራም ነገር ስታሳዩት ከላይም ከታችም የሚመጣው ብርሃን ተደራርቦ ምስሉን ያደበዝዘዋል። ኮንፎካል ሌዘሩን አንድ ነጥብ ላይ ያነጣጥራል። ከዚያ ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ያሳልፋል። ከሌላ ጥልቀት የመጣው ብርሃን ቀዳዳውን ስለሚስት አያልፍም። ነጥብ በነጥብ አንድ ገጽ ይነበባል፣ ከዚያ ትንሽ ወረድ ብሎ ሌላ ገጽ። ገጾቹን ስትደራርቧቸው የባዮፊልሙ ሙሉ ቅርጽ ይወጣል፤ እርጥብ እንደሆነ፣ ውሃው ላዩ ላይ እንዳለ።

በ1991 ጆን ሎውረንስና ባልደረቦቹ በዚህ መንገድ ላብራቶሪ ውስጥ ያሳደጓቸውን ባዮፊልሞች ሲያዩ ከ73 እስከ 98 በመቶው ከሴል ውጭ ያለ ነገርና ባዶ ቦታ ሆኖ አገኙት። ብዙዎች ባዮፊልምን በሴል የታጨቀ ንጣፍ አድርገው ያስቡት ነበር። የታየው ግን ክፍት የሆነ፣ ውሃ የሚመላለስበት ነገር ነው።

ይህን ስላይድ እኛ ትናንት በኮንፎካል አይተነዋል። ምንም ቀለም ሳንጨምር መጀመሪያ የበራው አልጌው ነው። ክሎሮፊል ሌዘር ሲነካው ራሱ በቀይ ያበራል፤ 680 ናኖሜትር አካባቢ። ሳያኖባክቴሪያዎቹ ሌላ ዓይነት ቀለም ስላላቸው በሌላ ሞገድ ይለያሉ። ይህን ያለ ቀለም የሚገኝ ብርሃን በጣም እወደዋለሁ፤ ናሙናውን አልነካንም፣ አልመረዝንም። ባክቴሪያውን ለማየት ግን ዲኤንኤ ላይ የሚጣበቅ ቀለም ጨመርን። ለስኳሩ ደግሞ ሌክቲን የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ እያንዳንዱ የሚመርጠው የስኳር ዓይነት አለው። ኮንካናቫሊን የሚባለው ለምሳሌ ማኖስና ግሉኮስን ይፈልጋል።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። ቀለም የሚያሳየው የያዘውን ብቻ ነው። ኮንካናቫሊን ያላበራው ቦታ ስኳር የለበትም ማለት አይደለም፤ እሱ የሚወደው ስኳር የለም፣ ወይም ቀለሙ እዚያ ድረስ ዘልቆ አልገባም ማለት ነው። የሞተ ሴል ለመለየት የምንጠቀምበት ፕሮፒዲየም አዮዳይድም እንዲሁ ነው። ሽፋኑ የተቀደደ ሴል ውስጥ ገብቶ ዲኤንኤውን በቀይ ያቀልማል። ግን ባዮፊልም ውስጥ ከሴል ውጭ የተበተነ ዲኤንኤ አለ ብያችኋለሁ። እሱም ይቀላል። ሕያው ሴል ይህን ዲኤንኤ ዙሪያውን ተጠቅልሎ ከሆነ የሞተ ይመስላል። በዚህ ምክንያት ግማሹ ሞቷል የተባለ ባዮፊልም ደህና ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ቀለም መምረጥ ማለት አስቀድሞ የምትፈልጉትን ማወቅ ማለት ነው። የማታውቁትን ነገር እንዴት ትቀልማላችሁ? ስፔክትሮስኮፒ፣ ማለትም አንድን ነገር በሚውጠውና በሚመልሰው ብርሃን መለየት፣ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

የሞለኪውል ክፍሎች በኬሚካል ትስስር የተያያዙ ናቸው። ትስስሮቹ እንደ ሞላ ይወጠራሉ፣ ይታጠፋሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ። እያንዳንዱ ትስስር የራሱ የመንቀጥቀጥ ፍጥነት አለው። ከዚያ ፍጥነት ጋር የሚገጥም ኢንፍራሬድ፣ በዓይን የማይታይ ብርሃን ሲመጣ ይውጠዋል። ስለዚህ ብርሃኑን አሳልፈን የትኛው እንደጎደለ ስናይ ውስጡ ያለውን ትስስር እናውቃለን። መለኪያው በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ የሚገቡ ሞገዶች ብዛት ነው። የተዋጠውን ብርሃን በግራፍ ስንሥለው ፕሮቲን 1650 እና 1550 አካባቢ ሁለት ጉብታ ይሰጣል። ቅባት 2920 እና 2850 ላይ ይታያል። ስኳር ከ900 እስከ 1200 ባለው ውስጥ ሰፋ ያለ ጉብታ አለው። ምንም ቀለም አልጨመርንም። ሁሉንም በአንዴ አነበብን።

ያቺ 97 በመቶ ግን ትመጣለች። ውሃ ኢንፍራሬድን አጥብቆ ይውጣል። ይባስ ብሎ አንዱ የውሃ ጉብታ 1640 ላይ ነው፤ ከፕሮቲኑ ጉብታ ጋር ተደራርቦ ይቀመጣል። ሰው ወይ ያደርቀዋል፣ ወይ መላ ይፈልጋል። ጥሩው መላ ብርሃኑን በአልማዝ ክሪስታል ውስጥ አሳልፎ ናሙናውን ክሪስታሉ ላይ ማስቀመጥ ነው። ብርሃኑ ከክሪስታሉ ወጣ ብሎ አንድ ወይም ሁለት ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ያህል ብቻ ናሙናውን ይዳስሳል። ውሃው ብርሃኑን ውጦ አይጨርሰውም። በዚያው ልክ ግን የምናየው ክሪስታሉን የነካውን ስስ ንብርብር ብቻ ነው። አንድ ባክቴሪያ ራሱ አንድ ማይክሮን ገደማ ነው። ከላይ ያለው ሁሉ ለዚህ መሣሪያ የለም።

ሁለተኛው ወጥመድ ላብራቶሪ ባሳደጉት ንጹሕ ባዮፊልም ላይ የለም፤ ወንዝ ላይ ብቻ ነው የሚገጥማችሁ። የስኳሩ ጉብታ ያለበትን ቦታ አስታውሱ፤ ከ900 እስከ 1200። የሸክላ አፈር ትልቁ ጉብታ 1030 አካባቢ ነው። የዳያቶሙ ሲሊካም 1080 አካባቢ ላይ ይመጣል። ሁለቱም የስኳሩ ቦታ ላይ ቁጭ ይላሉ። ዝናብ ጥሎ ወንዙ ደፍርሶ በሰነበተ ማግስት ናሙና ብትወስዱ የስኳሩ ጉብታ አድጎ ታገኙታላችሁ። ባዮፊልሙ ብዙ ልጋግ አመረተ ብላችሁ ልትጽፉ ትችላላችሁ። ያደገው ጭቃው ነው። ለዚህ ነው እኔ የወንዝ ናሙና የኢንፍራሬድ ውጤት ብቻውን ሲቀርብልኝ የማላምነው። ከጎኑ የማይክሮስኮፕ ምስል ካለ ዳያቶሙና ጭቃው በዓይን ይታያል።

አሁን በጣም ወደምወደው ደረስን። በ1928 ቻንድራሴክሃራ ቬንካታ ራማን ብርሃን ከሞለኪውል ጋር ሲጋጭ ጥቂቱ ቀለሙን ቀይሮ እንደሚመለስ አሳየ። በ1930 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። የለውጡ መጠን የትስስሩን መንቀጥቀጥ ይነግረናል፤ የሚለካው እንደ ኢንፍራሬዱ በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ በሚገቡ ሞገዶች ነው። ዘዴውም በስሙ ራማን ይባላል። እንዲህ ሆኖ የሚመለሰው ከአሥር ሚሊዮን ፎቶን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣት፣ አንድ ገደማ ብቻ ነው። በጣም ደካማ ነው። ግን ትልቅ ስጦታ አለው፤ ውሃ በራማን ብዙም አይታይም። እርጥቡን ናሙና እንዳለ፣ ውሃው ውስጥ እንዳለ ማንበብ እንችላለን። የሌዘሩን ነጥብ ደግሞ አንድ ማይክሮን አካባቢ ማጥበብ ስለሚቻል አንድ ነጠላ ሴል ላይ ማነጣጠር ይቻላል።

ከዚህ ስላይድ ጥግ ላይ ያለ አንድ ዳያቶም ላይ ያደረግነውን ልንገራችሁ። ቡናማው አካሉ ላይ አረንጓዴ ሌዘር ስናሳርፍ ሦስት ሹል ጉብታዎች ወጡ፤ 1005፣ 1155 እና 1520 አካባቢ። ካሮቲኖይድ ነው፤ ብርሃን የሚሰበስብበት ቡናማ ቀለሙ። ሌዘሩን አምስት ማይክሮን ገፋ አድርገን ልጋጉ ላይ ስናሳርፈው ሦስቱም ጠፉ። በምትካቸው ደካማ የስኳር ጉብታዎች መጡ። ትንሽ ቆይቶ 1003 ላይ አንዲት ቀጭን ጉብታ ብቅ አለች። እሷ ፌኒልአላኒን ናት፤ ፕሮቲን ውስጥ ያለች አሚኖ አሲድ። አምስት ማይክሮን ማለት የፀጉር ውፍረት አንድ አሥረኛ እንኳ ላይሞላ ይችላል። በዚያች ርቀት ውስጥ አንዱ ቤት አልቆ ሌላው ሰፈር ተጀመረ።

ሁሌ እንዲህ አይሳካም። ያ ደስ ያለኝ የክሎሮፊል ብርሃን ራማን ላይ ጠላት ይሆናል። ከበሮ በሚመታበት ቤት ሹክሹክታ ለመስማት እንደመሞከር ነው። ወደ 785 ናኖሜትር ሌዘር ብንሄድ ከበሮው ይቀንሳል። ሹክሹክታውም አብሮ ይቀንሳል፤ ከ532 ናኖሜትሩ ሌዘር ጋር ሲነጻጸር ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ። ሌዘሩን ብናበረታ ደግሞ ሴሉ ይቃጠላል። ሁለት ሰፋፊ ጉብታዎች 1350 እና 1580 አካባቢ ከወጡ ከሰል ሠርታችኋል ማለት ነው። ያን ጊዜ እጅን መሰብሰብ ነው።

ራማን ሌላም ነገር ይችላል፤ ማን እየሠራ እንደሆነ ይነግረናል። ባዮፊልሙን ትንሽ ከባድ ውሃ እናጠጣዋለን፤ ሃይድሮጅኑ በዲዩቴሪየም የተተካ ውሃ። በሥራ ላይ ያለ ሴል አዲስ ቅባትና ፕሮቲን ሲሠራ ዲዩቴሪየሙን ያስገባዋል። የካርቦንና የዲዩቴሪየም ትስስር ከ2040 እስከ 2300 ባለው ውስጥ ይታያል። በዚያ ክልል ውስጥ የሕያው ነገር ሌላ ጉብታ የለም ማለት ይቻላል፤ ባዶ ሜዳ ነው። ስለዚህ ትንሿም ጉብታ ታስታውቃለች። በ2015 ይህ ዘዴ በነጠላ ሴል ላይ ሲታይ ገርሞኝ ነበር። ሁለት ጎን ለጎን የተቀመጡ፣ በመልክ የማይለዩ ሴሎች፤ አንዱ እየሠራ፣ አንዱ ዝም ብሎ።

ስለ ኤክስሬይ ትንሽ ብቻ ልበል፤ ማንም በየቀኑ የሚያገኘው መሣሪያ ስላልሆነ። ሲንክሮትሮን የሚባል ግዙፍ የኤሌክትሮን ማፋጠኛ ያስፈልገዋል። ኤክስሬዩ ጉልበቱ ከ284 እስከ 543 ኤሌክትሮንቮልት (የጨረር ጉልበት መለኪያ) ሲሆን ካርቦን ይውጠዋል፣ ውሃ ግን በአብዛኛው ያሳልፈዋል። የውሃ መስኮት ይሉታል። ስሙ ደስ ይለኛል። ፕሮቲን 288.2 ላይ ሲውጥ ስኳር 289.3 ላይ ይውጣል፤ በዚህች በአንድ ኤሌክትሮንቮልት ልዩነት ይለያያሉ። በ2003 የወንዝ ባዮፊልም በዚህ መንገድ፣ በኮንፎካልና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ጎን ለጎን ታይቷል። ከ50 ናኖሜትር ገደማ ጀምሮ ፕሮቲኑ የት፣ ቅባቱ የት፣ ስኳሩ የት እንደሆነ በካርታ መሣል ተቻለ። ያም ቢሆን ናሙናው በጣም ስስ መሆን አለበት፤ ጨረሩም ቀስ በቀስ ይጎዳዋል።

እንግዲህ ተማሪዎቼን የማስቸግራቸው በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ምንም ሳትጨምሩ፣ እርጥቡን፣ በተራ ብርሃን እዩ። ቀጥሎ በራሱ የሚያበራውን በኮንፎካል። ከዚያ ራማን፣ ሌዘሩን በጣም አድክማችሁ። ቀለም የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ብዙ ቀለሞች ራማኑን ያጠፉታል። ኢንፍራሬድ ለደረቀው ክፍል። ኤሌክትሮን መጨረሻ፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለም። ደግሞ ስላይዱን ጅረት ውስጥ ሳትከቱ በፊት ጥጉ ላይ በአልማዝ ብዕር አንድ መስቀል ጫሩበት። ያለዚያች ጭረት ትናንት ያያችሁትን ሴል ዛሬ በሌላ መሣሪያ አታገኙትም። ኮንፎካሉ ስለ አንዱ ሰፈር፣ ራማኑ ስለ ሌላው ሰፈር ያወራል፤ እናንተ ደግሞ ስለ አንድ ቦታ የሚያወሩ ይመስላችኋል። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ሥራ በዚህች ጭረት ማጣት ዋጋ ሲያጣ አይቻለሁ።

ለምን ይህን ያህል ትጨነቃለህ የሚለኝ ሰው አለ። አንድ ምሳሌ ብቻ ልስጥ። ውሃ ውስጥ የገባ ፕላስቲክ ቶሎ ባዮፊልም ይለብሳል። ጥቃቅኑን ፕላስቲክ የምንለየው በእነዚሁ በራማንና በኢንፍራሬድ ነው። ሽፋኑ የፕላስቲኩን ጉብታ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ላብራቶሪዎች ብዙ ጊዜ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አጥበው ሽፋኑን ያስወግዳሉ። ፕላስቲኩን ለመቁጠር ትክክል ነው። ግን ዓሣ የሚውጠው የታጠበውን ፕላስቲክ አይደለም። ልጋጉን ለብሶ፣ ልጋጉ የያዘውን ሁሉ ይዞ ነው የሚውጠው። ሁለቱንም አብሮ ማየት እፈልጋለሁ። ማጠብ ከመጀመራችን በፊት ቢያንስ ጥቂቱን ቅንጣት ለይተን ከነሽፋኑ እናንብብ የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ። ከዚያ በፊት ግን፣ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ተራ የብርሃን ማይክሮስኮፕ አዘጋጅተናል። ይህን ስላይድ አሁን እሱ ላይ አስቀምጠዋለሁ። መሸፈኛው ሥር ያለው ውሃ ሃያ ደቂቃ ያህል ይቆያል። ጥጉ ላይ መስቀሏን ስታገኙ ትንሽ ወደ ግራ ግፉት። ጀልባ የሚመስል ቡናማ ዳያቶም አለ፤ ስመጣ ገና ይንሸራተት ነበር። ቶሎ ኑና እዩት፤ ውሃው ካለቀ ይቆማል።